በዙር የሚሄድ የጠፈር ግዛት ጌም እንዴት ነው የሚሠራው?

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ውስጥ ላፕቶፕ ያለው ልጅ የጠፈር ጌም ከፍቶ ሲቀመጥ ያየ ቤተሰብ ወዲያው የሚጠረጥረው ተኩስን ነው። ስክሪኑን ጠጋ ብሎ ላየው ግን አብዛኛውን ሰዓት የሚተኮስ ነገር የለም። ኮከቦች የተበተኑበት ጥቁር ካርታ፣ ቁጥር የሞላበት ሰንጠረዥና ወደ ቀጣዩ ዙር የሚያሻግር አንድ ቁልፍ ነው ያለው። ልጁም አንዱን ቁጥር ትንሽ ከፍ፣ ሌላውን ትንሽ ዝቅ ለማድረግ ደቂቃዎች ሲያስብ ይታያል።

ግምቱ ቤተሰብን ብቻ አይደለም የሚያሳስተው። ጌሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ተጫዋችም «የጠፈር ጦርነት ነው» ብሎ ይነሣና ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ጦር መርከብ ሲደረድር ይቆያል። ቆይቶ ጎረቤቱ ሦስት እጥፍ ገዝፎ ሲመጣበት ለምን እንደተሸነፈ አይገባውም። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሒሳብ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይገኛል። ከዚህ በታች የምናየው በዋናነት ያንን ሒሳብ ነው።

ምን ዓይነት ጌም ነው?

ተጫዋቹ የአንድ ሕዝብ መሪ ሆኖ በአንድ ፕላኔት ይጀምራል። አካባቢውን ያስሳል፤ በተገኙት ፕላኔቶች ላይ ሕዝቡን ያሰፍራል፤ የያዘውን ያለማል፤ መንገድ የሚዘጋበትን ይዋጋል። እነዚህን አራት ሥራዎች በአንድ ላይ የያዙ ጌሞች «ፎር ኤክስ» ይባላሉ። ስያሜውን የሰጠው አላን ኤምሪች የተባለ የጌም ጸሐፊ ሲሆን ዘመኑ 1993 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኤምሪች ያን ጊዜ «ኮምፒዩተር ጌሚንግ ወርልድ» በተባለ መጽሔት ላይ ያስተዋውቅ የነበረው «ማስተር ኦፍ ኦራዮን»ን ነበር፤ ሲምቴክስ የሠራውን፣ ማይክሮፕሮዝ ያሳተመውን፣ ስቲቭ ባርሲያ የነደፈውን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተከትለዋል። የ«ማስተር ኦፍ ኦራዮን» ሁለተኛው ክፍል በ1996፣ «ጋላክቲክ ሲቪላይዜሽንስ» ለዊንዶውስ በ2003፣ «ኤንድለስ ስፔስ» በ2012 ወጥተዋል። በ2016 የወጣው «ስቴላሪስ» በስም ከእነዚህ ጋር ቢጠራም በዙር አይሄድም፤ ሰዓቱ ሳያቋርጥ ይቆጥራል፣ ተጫዋቹ ማቆም ሲፈልግ ያቆመዋል እንጂ።

ለማብራሪያችን የ1993ቱን እንያዝ። አርጅቷል፣ ሥዕሉም የዘመኑ ነው። ነገር ግን ቁጥሮቹ ትናንሽ ስለሆኑ በወረቀት ላይ ሊሰሉ ይችላሉ፤ በኋላ የመጡት ጌሞችም የዚያን አካሄድ ነው ያሰፉት።

«በዙር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ተጫዋቹ ትእዛዝ ሰጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ጌሙ አይንቀሳቀስም። ቁልፉ ሲጫን ዙሩ ይዘጋል፤ በ«ማስተር ኦፍ ኦራዮን» አንድ ዙር አንድ ዓመት ነው፣ ጅምሩም 2300 ዓ.ም. ላይ። ፋብሪካው ያመርታል፣ ሕዝቡ ይወልዳል፣ መርከቡ መንገዱን ይቀጥላል፣ ከዚያ ቁጥሮቹ ታድሰው ይመጣሉ።

ብዙ ሰዎች በአንድ ጌም ሲገናኙ ሁሉም ትእዛዛቸውን እኩል ያስገባሉ፣ ከዚያ ኮምፒዩተሩ አንድ ላይ ይፈጽመዋል። በነጻ የሚገኘው «ፍሪኦራዮን» የተባለው ጌም እንዲህ ነው የሚሠራው፦ መጀመሪያ መርከቦች ይንቀሳቀሳሉ፣ ቀጥሎ የተገናኙት ይዋጋሉ፣ ምርትና ምርምር የሚሰላው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። በዚህ ዙር የሚጠናቀቅ መርከብ በዚሁ ዙር የሚደርሰውን ጠላት አይመክትም፤ ውጊያው ከምርቱ ይቀድማልና።

የእጅ ፍጥነት እዚህ ቦታ የለውም። አስር ደቂቃ ያሰበም፣ አስር ሴኮንድ ያሰበም እኩል አንድ ዙር ነው ያለው።

መጀመሪያ ላይ ምን እጅ ላይ አለ?

አንድ እናት ፕላኔት፣ ሁለት ቃኚ መርከቦች፣ አንድ የሠፋሪዎች መርከብ። ፕላኔቱ ላይ 40 ሚሊዮን ሕዝብና 30 ፋብሪካ አለ፤ ሊይዝ የሚችለው ሕዝብ 100 ሚሊዮን ነው።

መርከብ ከራስ ግዛት ርቆ የሚሄድበት ወሰን አለው። በመጀመሪያ 3 ፓርሴክ ነው (ፓርሴክ የጠፈር ርቀት መለኪያ ነው፣ 3.26 የብርሃን ዓመት ይሆናል)። ቃኚዎቹ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ስላላቸው እጥፉን ይሄዳሉ። ፍጥነታቸው ግን በዙር አንድ ፓርሴክ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ትእዛዝ ቃኚዎቹን ወደ ሁለት ቅርብ ኮከቦች መላክ ሲሆን የሠፋሪዎቹ መርከብ ግን ወሬው እስኪመጣ ባለበት ቢቆይ ይሻለዋል። ጭፍን ከተላከ፣ የደረሰበት ፕላኔት ያለ ልዩ ቴክኖሎጂ የማይኖርበት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሄዶ መመለሱ ብዙ ዙር ይበላል። ቆይታውም መብዛት የለበትም። በወሰኑ ውስጥ ሰው የሚኖርበት ፕላኔት እንደተገኘ፣ ምርጥ ባይሆንም፣ ማሰፈሩ ይመረጣል። አዲሱ ሠፈር የሚጀምረው በ2 ሚሊዮን ሰው ስለሆነ በቀጥታ ምርት አይሰጥም፤ ጥቅሙ የጉዞ ወሰኑን ወደፊት መግፋቱ ላይ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና ዘገም ብለን እንየው።

በጅምሩ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ በዓመት ወደ ግማሽ ክሬዲት ያስገኛል። አንድ ፋብሪካ፣ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ካለ፣ 1 ክሬዲት ያስገኛል፤ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ በመነሻ ቴክኖሎጂ 2 ፋብሪካ ነው የሚያንቀሳቅሰው። 40 ሚሊዮኑ 20 ክሬዲት፣ 30 ፋብሪካዎቹ 30 ክሬዲት፣ በድምሩ 50። ነገር ግን ፋብሪካ ይበክላል። የአንዱን ፋብሪካ ብክለት ማጽጃ ግማሽ ክሬዲት ስለሆነ 15ቱ ለጽዳት ይወጣል። እጅ ላይ የሚቀረው 35 ነው።

ይህ 35 ክሬዲት አምስት ቦታ ሊሄድ ይችላል፦ ለመርከብ፣ ለመከላከያ፣ ለፋብሪካ፣ ለአካባቢ ጥበቃና ለምርምር። ስክሪኑ ላይ አምስት አግድም መስመሮች አሉ፤ በማውስ ወደ ቀኝ ሲሳቡ ድርሻቸው ይጨምራል፣ ወደ ግራ ሲሳቡ ይቀንሳል።

አንድ ፋብሪካ መሥሪያው 10 ክሬዲት ነው። ሲሠራ 1 ያስገኛል፣ ግማሹ ለጽዳት ይሄዳል፣ ስለዚህ የተጣራ ትርፉ በዓመት ግማሽ ክሬዲት ነው። ወጪውን ለመመለስ 20 ዓመት ይፈልጋል። በመጀመሪያ እይታ ይህ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ጀማሪውም «ሃያ ዙር ምን አስጠበቀኝ» ብሎ ወደ መርከብ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ ግን ፋብሪካ ይወልዳል። ጎጃም ውስጥ ከመኸሩ ጤፍ ለዘር የሚለየውን ገበሬ ማሰብ ይበቃል፦ ለዘር ያስቀመጠው ለዚህ ክረምት ሆዱን አይሞላለትም፣ የሚቀጥለው ዓመት አዝመራ ስፋት ግን የሚቆረጠው በእሱ ነው።

በቁጥር እንየው። ሁለት ተጫዋቾች በዓመት 35 ክሬዲት ይዘው ይነሡ። አንዱ አስር ዓመት ሙሉ ያለውን ሁሉ ፋብሪካ ላይ ያውላል፣ ሌላው ሁሉንም ጦር መርከብ ላይ። የመጀመሪያው ገቢ በየዓመቱ በ5 ከመቶ ያድጋል፤ በአስረኛው ዓመት መጨረሻ፣ የሕዝቡን ዕድገት ሳንቆጥር፣ ወደ 57 ይደርሳል። የሁለተኛው እዚያው 35 ላይ ነው። መርከቦቹም በሠራቸው ጊዜ ቴክኖሎጂ የተሠሩና በዙር አንድ ፓርሴክ የሚሄዱ ናቸው፤ በየዓመቱም የጥገና ወጪ ይጠይቃሉ። ጎረቤቱን ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ያረጃሉ።

የሠፋሪዎች መርከብ ዋጋ ነገሩን የበለጠ ያሳያል። በጅምሩ ከ500 ክሬዲት በላይ ነው። በ35 ገቢ ከ14 ዓመት በላይ ይወስዳል፤ በ100 ገቢ አምስት ዓመት ገደማ። ስለዚህ ፋብሪካ ቀድሞ መሥራት መስፋፋትን የሚያዘገይ ቢመስልም የሚያፋጥነው እሱ ነው።

ሕዝቡስ እንዴት ያድጋል?

ልጓም ያለው ዕድገት ነው። በየዓመቱ የሚጨምረው የሕዝቡ አንድ አስረኛ ሆኖ ፕላኔቱ እየሞላ በሄደ መጠን ይቀንሳል። 100 ሚሊዮን የሚይዝ ፕላኔት ላይ 10 ሚሊዮን ካለ በዓመት 0.9 ሚሊዮን ይጨምራል፤ 50 ሚሊዮን ካለ 2.5፤ 90 ሚሊዮን ካለ ተመልሶ 0.9። ፈጣኑ ዕድገት ያለው ፕላኔቱ ግማሽ በሞላበት ሰዓት ነው።

ልምድ ያለው ተጫዋች ከዚህ ሁለት ነገር ያወጣል። አንደኛ፣ እናት ፕላኔቱ ጢም ብሎ እስኪሞላ አይጠብቅም፤ ከግማሽ በላይ ሲሆን ትርፉን ወደ አዲሶቹ ሠፈሮች ያጓጉዛል። የሄደው ሕዝብ አዲሱን ፕላኔት ያነቃቃዋል፣ የቀረው ደግሞ በፍጥነት ይተካል። ሁለተኛ፣ ሲያጓጉዝ ይቆጥራል። ሰው ሲጎድል ፋብሪካ ሥራ ይፈታልና፣ 200 ፋብሪካ ካለበት ፕላኔት 20 ሚሊዮን ማውጣት 40 ፋብሪካ ማቆም ነው።

ጽዳቱን ችላ ማለትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ያልተጸዳ ብክለት እየተጠራቀመ ፕላኔቱ ሊይዝ የሚችለውን ሕዝብ ይቀንሳል፤ ሕዝቡ ሲቀንስ ፋብሪካው ይቆማል። ለአንድ ዙር የተቆጠበችው 15 ክሬዲት በብዙ እጥፍ ትከፈላለች።

ምርምር ላይ ምን ይበላሻል?

የምርምር ዘርፎቹ ስድስት ናቸው፦ ኮምፒዩተር፣ ግንባታ፣ የኃይል ጋሻ፣ የፕላኔት ጥናት፣ ሞተርና የጦር መሣሪያ። የተለመደው ስሕተት ሁሉንም በጦር መሣሪያ ላይ መጫን ነው። የአንድ ግኝት ዋጋ ከደረጃው ስኩዌር ጋር ይሄዳል፤ ደረጃው እጥፍ ሲሆን ዋጋው አራት እጥፍ ይሆናል። በአንድ ዘርፍ ደረጃ 10 ላይ ያለ አንድ ግኝት የሚፈልገው ገንዘብ በሌሎች ዘርፎች ደረጃ 5 ላይ ያሉ አራት ግኝቶችን ይገዛል። ከእነዚያ አራቱ አንዱ የፋብሪካን ዋጋ የሚቀንስ፣ ሌላው ብክለትን የሚያቃልል ሊሆን ይችላል፤ ጥቅማቸውም በእያንዳንዱ ፕላኔት ላይ ይባዛል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው፣ ሁሉም ግኝት ለሁሉም ተጫዋች አይቀርብም። ጌሙ በተጀመረ ቁጥር ከዝርዝሩ የተወሰኑት በዕጣ ይጎድላሉ። የጎደለውን ለማግኘት ያለው መንገድ ከጎረቤት ጋር መለዋወጥ፣ መሰለል ወይም ፕላኔት መማረክ ነው። ከጎረቤት ጋር በሰላም መቆየት ዋጋ የሚያወጣው ለዚህም ጭምር ነው።

መርከቦች ሲገጥሙ ማን ያሸንፋል?

ብዛት ያሸንፋል የሚል ካለ ይህን ይመልከት። ሌዘር አንዴ ሲተኮስ ከ1 እስከ 4 የሚደርስ ጉዳት ያደርሳል። ጋሻ ደግሞ ከእያንዳንዱ ተኩስ ላይ የራሱን ደረጃ ያህል ይቀንሳል። የፕላኔት ጋሻ ደረጃ 5 ከሆነ፣ ከ4 ላይ 5 ሲቀነስ ምንም አይቀርም። 10 መርከብም ይምጣ 300፣ ውጤቱ ያው ዜሮ ነው። ተጫዋቹ ሠላሳ ዙር የደከመበት ጦር አንዲት ፕላኔት ላይ ሳያጭር ይረግፋል። ይህ የጌሙ ስሕተት መስሎት የሚናደድ ብዙ ነው፤ ቅነሳው ግን በየተኩሱ እንጂ በድምሩ ላይ አይደለም።

መፍትሔው የተኩሱን ጉልበት ማሳደግ ነው። የኑክሌር ቦምብ ከ3 እስከ 12 ስለሆነ በደንብ ያልፋል፤ ግን ፕላኔትን ብቻ ነው የሚመታው፣ ተሸካሚው መርከብም ፕላኔቱ ሥር እስኪደርስ የሚሳኤሉን ውርጅብኝ መቋቋም አለበት።

ማነጣጠርም ሒሳብ አለው። የአጥቂው የኮምፒዩተር ደረጃና የተጠቂው የመከላከል ደረጃ እኩል ከሆኑ ተኩሱ የሚያገኘው በግማሽ ዕድል ነው። በየአንዱ ደረጃ ልዩነት 10 ከመቶ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ጠላት በሦስት ደረጃ ከበለጠ ከመቶ ተኩስ የሚያገኘው ሃያው ነው። መርከብ ሲነድፉ ቦታውን ሁሉ በመሣሪያ ሞልቶ ኮምፒዩተሩን መተው የሚያከስረው ለዚህ ነው።

ንድፉ ራሱ ገደብ አለው። በአንድ ጊዜ ስድስት ዓይነት መርከብ ብቻ ነው የሚያዘው። ሰባተኛ ለመንደፍ አንዱን መሰረዝ ያስፈልጋል፣ የተሰረዘው ዓይነት መርከቦች ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። ጀማሪ ስድስቱንም ቦታ በቶሎ ሞልቶ በኋላ ጥሩ መሣሪያ ሲያገኝ ይጨነቃል። ሁለት ባዶ ቦታ ማስቀረት ከዚህ ያድናል።

ያለ ጦርነት ማሸነፍ ይቻላል?

ይቻላል። ጋላክሲው በበቂ ሁኔታ ከሰፈረ በኋላ በየ25 ዓመቱ ጉባኤ ይጠራል። ሁለቱ ትልልቅ ግዛቶች በዕጩነት ይቀርባሉ፣ የእያንዳንዱ ድምፅ በሕዝቡ ብዛት ይመዘናል፣ ሁለት ሦስተኛ ያገኘ የሁሉ ገዥ ይሆናል። እዚህም ያው የመጀመሪያው ሒሳብ ይመለሳል፦ ብዙ ሕዝብ ያለው ብዙ ድምፅ አለው። የተሸነፈ ተጫዋች ውሳኔውን አልቀበልም ማለት ይችላል፤ ያኔ ውሳኔውን ከተቀበሉት ሁሉ ጋር ብቻውን ይዋጋል።

በፍጥነት መስፋፋትስ ይጎዳል?

በ«ፍሪኦራዮን» አዎ። ከ0.5 እትም ወዲህ «ተጽዕኖ» የሚባል ሀብት ገብቷል። እያንዳንዱ ሠፈር በየዙሩ ከእሱ ይበላል። ሠፈር እየጨመረ የሚያመነጨው ፕላኔት ካልጨመረ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ይወርድና ሕዝቡ መረጋጋት ያጣል፣ ምርቱም ይወድቃል። ስለዚህ ከእናት ፕላኔቱ ሌላ አንድ ፕላኔት በጊዜ «ተጽዕኖ» እንዲያመነጭ መመደብ የግድ ነው። ምደባ ሲቀየር ምርቱ በአንዴ አይዘልም፣ በየዙሩ በጥቂቱ ነው የሚወጣው። ችግሩ ከደረሰ በኋላ መመደብ የሚዘገየው ለዚህ ነው።

ነዳጅም አለ። ከራስ የስንቅ ክልል (ከራስ ፕላኔቶች ለመርከብ ስንቅ ከሚደርስበት አካባቢ) ውጭ ወዳለ ኮከብ በተሻገሩ ቁጥር አንድ ነዳጅ ይጎድላል፤ ቆሞ ሲጠብቅ የሚተካው በዙር 0.1 ብቻ ነው። ሩቅ ሄዶ ነዳጅ የጨረሰ ቃኚ አንዲት ኮከብ ለመሻገር አስር ዙር ይቆማል።

ለምን ማቆም ያቅታል?

ወላጆች የሚያነሡት እውነተኛ ችግር ይሄ ነው። በየዙሩ የሚያልቅ ነገር አለ፦ በሚቀጥለው መርከብ ይደርሳል፣ ከዚያ በሚቀጥለው ግኝት ይወጣል፣ ከዚያ ሠፋሪዎቹ ያርፋሉ። ጌሙ ራሱ «እዚህ ላይ አበቃ» የሚል ቦታ የለውም። አንድ ጌም ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ፈተና የደረሰበት ተማሪ በሰዓት ሳይሆን በዙር ቁጥር ቢወስን ይቀለዋል፦ «ዛሬ 80ኛው ዙር ላይ ሴቭ አድርጌ እዘጋለሁ» ማለት። በዙር የሚሄድ ጌም ለዚህ ይመቻል፤ የትም ላይ ቢቆም የሚያመልጥ ነገር የለም።

ከዚህ ሆኖ ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?

ለጀማሪ የምንመክረው «ፍሪኦራዮን»ን ነው። ነጻ ነው፣ የምንጭ ኮዱ ክፍት ነው፣ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ይሠራል። አንዴ ዋይፋይ ባለበት ዳውንሎድ ከተደረገ በኋላ ከኮምፒዩተሩ ጋር ለመጫወት ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ፋይሉን በፍላሽ ከጓደኛ መቀበልም ሕጋዊ ነው፣ ፈቃዱ ማካፈልን ይፈቅዳል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ላይ የሚጫወት ሰው በማስተካከያው ውስጥ አውቶሴቭን በየዙሩ ያድርገው፤ መብራት ቢሄድ የሚጠፋው አንድ ዙር ብቻ ይሆናል።

ውድ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም፣ ራም ግን ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ተጋጣሚ ራሱን ችሎ እንደ አንድ ፕሮግራም ስለሚሠራ፣ ስምንት ተጋጣሚ መምረጥ ስምንት ፕሮግራም እንደ መክፈት ነው። ላፕቶፑ በመጨረሻዎቹ ዙሮች የሚንቀረፈፈው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቂት ኮከቦች፣ ሁለት ተጋጣሚዎች፣ የጠብ ደረጃቸው ደግሞ ዝቅተኛው ይሁን።

በመጀመሪያው ዙር ከፖሊሲዎቹ «ፕሮፓጋንዳ» ይመረጣል፤ ተጽዕኖ ይጨምራል። ቃኚዎቹ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይላካሉ። የምርት ሰልፉ ላይ አንድ ተጨማሪ ቃኚ፣ ቀጥሎ ሰው የማያስፈልጋቸው የጣቢያ መርከቦች ይሰለፋሉ፤ ጣቢያ የስንቅ ክልልን ያሰፋል። ሰልፉን አንድ ነገር ብቻ አድርጎ መተው ምርት ያባክናል፤ እያንዳንዱ ዕቃ በአንድ ዙር ሊቀበል የሚችለው ወጪ ገደብ አለው፣ የተረፈው ምርት ሌላ የሚሠራ ነገር ካላገኘ አብዛኛው ይባክናል። ስለዚህ ሰልፉ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ነገር ይኑር።

ቋንቋው ለብዙዎች እንቅፋት ነው። የጌሙ ጽሑፍ በሙሉ ግን ከፕሮግራሙ ተለይቶ በተራ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል፤ ሌሎች ቋንቋዎች የገቡትም በጎ ፈቃደኞች ይህንኑ ፋይል እየተረጎሙ ነው። ፊደላችንን የያዘ ፎንት ከተጨመረለት አማርኛውም በዚያው መንገድ ሊገባ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የሚማሩ ተማሪዎች ለጋራ ሥራ ቢይዙት መጀመሪያ የሚተረጎሙት የቁልፎቹና የሀብቶቹ ስሞች ናቸው፤ ረጃጅሞቹ የግኝት መግለጫዎች ቆይተው ሊመጡ ይችላሉ፣ ያልተተረጎመው በእንግሊዝኛ ይታያልና።